ከልብስ ማጠቢያው በታች፦ ሰባት ቀን በሬሆቮት

ኢየሩሳሌም አልደረስኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከእስራኤል መመለሴን የሰማ ሁሉ «ጎልጎታን ተሳለምሽ ወይ? ዮርዳኖስ ገባሽ ወይ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው። እሁድ ዕለት ልሄድ ታስቦ ነበር። እሁድ ግን ሌላ ሥራ መጣ፤ እሱን ለመሥራት ደግሞ ሃያ አራት ዓመት ዘግይቼ ነበር። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ ስለ ሬሆቮት ነው። የምጽፈውም ጎንደር ውስጥ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረውኝ ለሚሠሩ ሴቶች ነው። በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ስነሳ ሻንጣዬን ያሰናዱልኝ እነሱ ናቸው፤ ስመለስም «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪን» ያሉኝ እነሱ ናቸው።

የጋበዘችኝ ያልጋነሽ ናት። ወለቃ ላይ አንድ አጥር የሚለየን ጎረቤቶች ነበርን፤ እነሱ ቤተ እስራኤል፣ እኛ ክርስቲያን። ሥጋ አንበላላም እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራ ነበር። አንድ ክፍል ተምረናል፣ አንገረብ ወርደን አብረን ልብስ አጥበናል። በደርግ መጨረሻ ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ለመሄድ ቤቱን ዘግቶ አዲስ አበባ ወረደ፤ ከወራት በኋላም ያ የታወቀው የአውሮፕላን ጉዞ ይዟቸው ሄደ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ታናሽ ወንድሟ ማሩ። ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ግንባር ነበርና አልደረሰባቸውም።

ማሩ የት እንደቀረ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያልጋነሽ በየደብዳቤዋ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም በየመልሴ «አልሰማሁም» እል ነበር። አውሮፕላን ስሳፈር ለራሴ አንድ ነገር ምያለሁ፤ ሳልነግራት አልመለስም።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን ንጋት ላይ አረፈ። አራት ሰዓት ገደማ ነው የበረርነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመጣ ዓባይ በረሃን ለመውረድና ለመውጣት ብቻ ከዚያ የማያንስ ጊዜ ፈጅቶብኝ ነበር። ያልጋነሽ ከሃያ ዓመት በላይ የራቀችኝ በዚህች አጭር መንገድ ነው ብዬ ተገረምኩ።

ጉምሩክ ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። አምስት ኪሎ ሽሮ፣ ሁለት ኪሎ በርበሬ፣ ሦስት ጥቅል ቆሎ። ሰውየው በርበሬውን ሊያሸት ጎንበስ ብሎ ማስነጠስ ጀመረና ማቆም አቃተው። ባልደረባውን ጠራ። የመጣችው ወጣት የእኛው መልክ ያላት ልጅ ናት፤ ደንብ ልብሷ ጥርት ብሎ የተተኮሰ። «እማማ፣ ማን ጋ ነው የምትሄጅ?» አለችኝ በጎንደር ለዛ። «ሬሆቮት፣ ጓደኛዬ ጋ» አልኳት። «ቤሰደር» አለችና ለሰውየው በዕብራይስጥ የሆነ ነገር ነግራ ሻንጣዬን ራሷ ዘጋችልኝ። ቤሰደር ማለት ደህና፣ እሺ ማለት መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ በሰባቱ ቀን ውስጥ ሺህ ጊዜ ሳልሰማው አልቀርም።

ያልጋነሽ በር ላይ ቆማለች። ወፍራለች፤ ጸጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ባቡር ተሳፈርን። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ከፊታችን አራት ወታደሮች፣ ሁለቱ ሴቶች፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። እኔ ባደግኩበት ዘመን መሣሪያ የያዘ ወጣት አጠገብ የሚቀመጥ አልነበረም። እዚህ አንዲት አሮጊት የአንዱን ወታደር የወደቀ ኮፍያ አንስታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። እሱን ሳይ፣ እኛም ያለፈውን ስናወጋ፣ ሬሆቮትን አለፍናት። ያልጋነሽ «ውይ፣ ያቭኔ ደረስን» ብላ ብድግ ስትል የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ነበርን። ወርደን የሚመልሰንን ባቡር ስንጠብቅ በሳቅ ሆዳችንን ይዘን ነበር። ከዚያ ጉዞ ሁሉ ንጹሕ ደስታ የነበረው እሱ ግማሽ ሰዓት ነው።

ቤቷ ክርያት ሞሼ የሚባል ሰፈር ነው። አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ናቸው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ልብስ ማስጫውን ነው፤ ከየመስኮቱ ሥር ገመድ ተወጥሮ ካልሲው ከካልሲ፣ ሸሚዙ ከሸሚዝ ተለይቶ ተሰጥቷል። ከሥር ባለው ሱቅ ጤፍም ጌሾም ይሸጣል። ሽማግሌዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ስለ ደንቢያ ዝናብ ያወራሉ፤ ልጆቹ በአጠገባቸው በዕብራይስጥ እየተጯጯሁ ይሮጣሉ።

እናቷ እማማ ዘነቡ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። አገላብጠው ሳሙኝና ገና ሳልቀመጥ፣
«ማሩን አይተሽዋል?» አሉኝ።
«እማማ፣ አንቱ እንዴት ሰነበቱ?» አልኩ እኔ። ጥያቄውን በጥያቄ ሸሸሁት።

ረቡዕ

ያልጋነሽ ጠዋት ወደ ሥራዋ ሄደች። አረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። እኔና እማማ ዘነቡ ቀረን። ሁዳዴ በመሆኑ ስለ ሥጋ መነጋገር ሳያስፈልገን ቀረ፤ ምስር ወጥ ሠርተውልኝ «ድስቱ አዲስ ነው፣ ላንቺ ነው የተገዛው» አሉኝ። ልጅ ሆኜም እቤታቸው ስሄድ የእኔ ዋንጫ ለብቻው ይቀመጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ያስከፋኝ ነበር፤ አሁን ግን ደስ አለኝ።

ከምሳ በኋላ ከቁም ሳጥን ውስጥ ሰማያዊ ማኅደር አወጡ። ውስጡ ወረቀት ሞልቷል፣ ሁሉም በዕብራይስጥ። በየዓመቱ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደው ልጃቸው ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳለ፣ ሲገኝ እንዲያመጡላቸው ይጠይቃሉ። ያስሞላቸው የነበረው ጸሐፊ ጡረታ ወጥቶ ሌላ ተተክቷል፤ እሱም ተቀይሯል። እሳቸው ግን ቀርተው አያውቁም።

«ዘንድሮ ምስክር አምጪ ብለውኛል» አሉ። «ልጄን የሚያውቅ፣ ከጎንደር የሆነ። አንቺን እግዜር ነው ያመጣሽ። እዚህ ላይ ትፈርሚልኛለሽ።»

ወረቀቱ ላይ የማሩ ስም በአማርኛም ተጽፏል። ጣታቸው ከስሙ ሥር ነበር። «መነጽሬን ሻንጣ ውስጥ ረስቼዋለሁ፣ ከመሄዴ በፊት እንፈርማለን» አልኳቸው። መነጽሬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። አይተውታል መሰለኝ፤ ማኅደሩን አጥፈው ወደ ቁም ሳጥኑ መለሱት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ፣ ሰው ለሃያ አራት ዓመት በየዓመቱ አንድ ደረጃ ወርዶ አንድ ቢሮ በር ላይ ሲቆም አስብ ነበር። የእኔ ዝምታ ነው ያቆማቸው።

ሐሙስ

ጠዋት ነጠላዬን አበላሸሁ። እዚህ ላይ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ «ነጩን ከቀለም አትደባልቁ» እያልኩ የጮኽኩባችሁ እኔ፣ የያልጋነሽን ማሽን ውስጡን ሳላይ ነጠላዬን ከተትኩ። ለካስ የልጇ የኦሪት የወታደር ካልሲ ከታች ቀርቷል። ነጠላው የደረቀ ቅጠል መስሎ ወጣ። እማማ ዘነቡ ይዘውት ወደ ብርሃን ዞሩና «አሁን ጽባ ገባሽ» አሉኝ። ጽባ ሠራዊቱ ነው። ከመጣሁ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት ያልጋነሽ አዲስ ነጭ ጨርቅ እንግዛ ብላ ወደ ሻዓራይም ወሰደችኝ። ከየመን የመጡ አይሁዶች የመሠረቱት ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ በየጓሮው ሎሚና ሮማን ያለባቸው። ከአንዱ በር ላይ የተቀመጡ የመናዊት አሮጊት ነጠላዬን አይተው ጠሩንና አንድ ስስ፣ ዓይን ያለው ቂጣ በሳህን አቀረቡልን። ስሙ ላሁህ ነው አሉ። እንጀራ ነው ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝም፤ ኮምጠጥ እንኳ ይላል። እኚያ ሴት እኔን ከዚያ በፊት አያውቁኝም፣ ከዚያ በኋላም አያዩኝም። ስንነሳ ሦስቱን በወረቀት ጠቅልለው በግድ አስያዙኝ።

ማታ ኦሪት ከጦር ሰፈሯ መጣች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ የተወለደች። ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጣል። አያቷን «ሳቭታ» ብላ አቅፋ ሳመች፣ እኔን ደግሞ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለች። አማርኛዋ መሐል መሐሉ ዕብራይስጥ ነው። «ነገ እኔ ነኝ የማስጎበኝሽ» አለችኝ። «አንቺ ልብስ አጣቢ ነሽ አይደል? አንድ ሙዚየም አለ፣ ለአንቺ የተሠራ ነው። ያላ፣ ጠዋት እንሂድ። ዓርብ በጊዜ ይዘጋል።»

ዓርብ

ሙዚየሙ ከከተማዋ ጫፍ ኮረብታ ላይ ነው። እኛ አገር ቢሆን ኮረብታ ብሎ የሚጠራው አይገኝም። ባሕር ዛፍ አለ፤ ሽታው ልቤን ወደ አገሬ ወሰደው። ሳር ላይ ጥቂት ተራ የእንጨት ቤቶች፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ልብስ ማጠቢያ። ያልጋነሽም ከሥራ ቀርታ አብራን መጥታለች። ሃያ አራት ዓመት ከተማዋ ውስጥ ኖራ እዚያ ገብታ አታውቅም ነበር።

አስጎብኚያችን ጸጉራቸው የነጣ፣ የሰሌን ባርኔጣ ያደረጉ ሴት ናቸው። እሳቸው በዕብራይስጥ ይናገራሉ፣ ኦሪት ታስተረጉምልኛለች። መጀመሪያ ወደ ማጠቢያው አስገቡን። ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የብረት ማጠቢያ ማሽን ቆሟል፤ የእኛው ክፍል አሮጌው ማሽን ታላቅ ወንድም ነው የሚመስለው። ከበሮውን ዳሰስኩት። «ስንት ኪሎ ይይዛል?» አልኩ። ሴትዮዋ ሳቁ። እዚያ ሲያስጎበኙ ስንት ዓመታቸው፣ ይህን የጠየቃቸው ሰው የለም አሉ።

ከዚያ ማሽኑን ገፋ አደረጉት። ያ ሁሉ ብረት ከነወለሉ እንደ መሳቢያ ሸሸ። ከሥሩ ጥቁር ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ያልጋነሽ ክንዴን ያዘች። አንድ በአንድ ወረድን። ታች ስንደርስ ከቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት የሚረዝም አዳራሽ ተዘረጋ፤ በሁለቱም በኩል ማሽን ተደርድሯል፤ የዘይት ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። የጥይት ፋብሪካ ነበር። አገሪቱ ሳትመሠረት፣ እንግሊዞች ሲገዙ፣ መሣሪያ የተገኘበት ሰው በሚሰቀልበት ዘመን፣ ወጣቶች እዚህ ጉድጓድ ውስጥ በድብቅ ጥይት ይሠሩ ነበር። ላይ ያለው ማጠቢያ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራው የታቹ ድምፅ እንዳይሰማ ነው። መዳቡን ያስገቡት ለከንፈር ቀለም ማቀፊያ ነው ብለው ነው። ታች ውለው ፊታቸው እንዳይገረጣ በልዩ መብራት ቆዳቸውን ያጠቁሩ ነበር፤ ለጎረቤት ገበሬ መምሰል አለባቸውና። ሲወጡም የጫማቸው ሶል ይፈተሻል፤ የመዳብ ብናኝ ይዞ እንዳይወጣ።

«ስንት ዓመታቸው ነበር?» አልኩ።
«የእኔ እኩያ» አለች ኦሪት፤ ይህን ለመመለስ አስጎብኚዋን አልጠየቀችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ነበር የምታየው። ከማጠቢያው በር ላይ ሁለት ልጃገረዶች ቅርጫት ይዘው ይስቃሉ።

ደነቀኝ። እነዚያ ልጆች አንድ ቀን ቢያዙ ገመድ ነበር የሚጠብቃቸው፤ በየማለዳው ግን ያንን ደረጃ ወረዱ። አስጎብኚዋ አንድ ባዶ የጥይት ቀለህ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ቀዝቃዛና ቀላል ነው። ስንቱን ነው እንዲህ ያለውን ከወታደር ኪስ ያወጣሁት። እናንተ አብዛኞቻችሁ አልደረሳችሁበትም፤ ያን ጊዜ ከግንባር የሚመጣ ልብስ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪሱን እንፈትሽ ነበር። ጥይት፣ የተጣጠፈ ደብዳቤ፣ የቆሎ ፍርፋሪ። ከዚያም ጨርቁን ዘርግተን ጥይት የገባበትን ቀዳዳ እንፈልጋለን፤ የሚጣፍ ከሆነ ይጣፋል፣ ካልሆነ ይጣላል። እዚህ ቦታ ልብስ አጣቢዎች ከሥራቸው ጥይት እየወጣ ነው የኖሩት፤ እኛ ደግሞ ጥይቱ የሄደበትን ተቀብለን ነው የኖርነው። ሁለታችንም እጃችን ሳሙና ነበር። የእነሱን ድፍረት አደነቅኩ። ደግሞም ያንን ቀለህ መልሼ ሰጥቻቸው እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ።

ኦሪት አይታኝ «ምነው?» አለች።
«ማጠቢያ ቤት ከሥሩ ምንም ሳይኖር ማጠቢያ ቤት ብቻ ሲሆን ነው ሰላም የሚባለው» አልኳት። ለአስጎብኚዋ ተረጎመችላቸው። እሳቸውም «አሜን» አሉ፤ እሱን ቃል ማንም አልተረጎመልኝም።

ልንወጣ ስንል አንድ ነገር ጠየቅኩ። «አገሪቱ ከተመሠረተች በኋላ እነዚያ ልጆች ምስጢሩን ወዲያው ተናገሩ?»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ዓመት አልተናገሩም አሉ። ዝም በሉ ያላቸው ሳይኖር፣ የሚያስፈራ ነገርም ሳይቀር። ዝም ማለት ለምደው ነበር። ለባሎቻቸው እንኳ ያልነገሩ ሴቶች አሉ፤ ለመናገር የነበረው ጊዜ ሳያውቁት አለፈባቸው።

ያን ጠመዝማዛ ደረጃ ከሁሉም ኋላ ቀርቼ ወጣሁ።

ስንመለስ ኦሪት በከተማዋ ወታደሮች መታሰቢያ በኩል እንለፍ አለች። ጸጥ ያለ የአትክልት ቦታ ነው፤ ድንጋይ ላይ የወደቁት ሁሉ ስማቸው ተቀርጿል። ከዚያ ሁሉ ስም መሐል ኦሪት፣ እንደ ልማዳቸው ለመታሰቢያ፣ አንዱ ላይ ጠጠር አኖረች። ከሕንፃቸው ማዶ ይኖር የነበረ የእኛ ሰው ልጅ ነው፤ የአባቱ ስም የእኛው የጎንደር ቆላ ስም። ኦሪት ጎንደሬ ስም ከዚያ ድንጋይ ላይ ስታነብልኝ ፊደሉን በጣቴ ዳሰስኩት። በእኛ አገር የዚያን ጊዜ ወታደር ስሙ የት ነው ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

ኦሪት ይህን የሰማች ይመስል ወደ እናቷ ዞረች። «ኢማ፣ ዶድ ማሩም ወታደር ነበር አይደል? የእሱ ስም የት ነው የተጻፈው?» ዶድ አጎት ማለት ነው።
«የሚጻፈው የሞተ ሰው ስም ነው» አለች ያልጋነሽ። «ማሩ ጠፋ እንጂ አልሞተም።»

«ያልጋ» አልኳት፣ «ተቀመጪ።»

ተቀመጪ የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከትል የእኛ አገር ሰው ያውቃል። ፊቷ ተለወጠ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ሁሉንም ነገርኳት። እነሱ አዲስ አበባ ሳሉ፣ ጎንደር ልትያዝ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ አንሶላ ልሰበስብ ክፍል ስገባ አንድ ቁስለኛ በስሜ ጠራኝ። ማሩ ነበር። ሆዱ ላይ ተመቷል። ሦስት ቀን ቆየ። ቤተሰቡን ሲጠይቀኝ አዲስ አበባ ናቸው፣ ሊሄዱ ነው አልኩት። «እንዳትነግሪያቸው» አለኝ። «ከሰሙ እኔን ብለው ይመለሳሉ። አገራቸው ሲገቡ ትነግሪያቸዋለሽ።» መንገድም ተዘግቶ ነበር፤ ብፈልግም መላክ አልችልም። እነሱ ሄዱ።

«ከዚያስ?» አለች።
«መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም ብዬ፣ በስልክ አይነገርም ብዬ…»
«ስንት ጊዜ ጠየቅሁሽ?»
«በየጊዜው።»
«እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው እያለች ነው የኖረችው። አንቺ ግማሹን ቃሉን ጠብቀሽ ግማሹን ቀበርሽው።»

ኦሪት በሁለታችን መሐል ቆማ የእናቷን ትከሻ ያዘች። ፀሐዩ እየዘቀዘቀ ነበር፤ ሰንበት ሊገባ ነው። ያልጋነሽ ተነስታ ፊቷን ጠረገች። «በሰንበት መርዶ አይነገርም» አለች። «እስከ እሁድ ፊትሽን ጠብቂ። እሱን ታውቂበታለሽ።»

ቅዳሜ

ስለዚህ ቀን ብዙ የምጽፈው የለኝም። እማማ ዘነቡ ነጭ በነጭ ለብሰው የሰንበቱን ዳቦ ቆረሱ፤ የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። ቤቱ ውስጥ እሳት አይነካም፣ ስልክ አይነሳም። ያልጋነሽ በፈገግታ ለእናቷ ታወራለች፤ ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ ይዘጋል። እማማ ዘነቡ ማሩ በሕፃንነቱ ከበግ ግልገል ጋር ካልተኛሁ ብሎ ያስቸገራቸውን ተረኩልን። ኦሪት ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ብዙ ቆየች። እኔ ዳቦውን ዋጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ረዥም ቀን አላውቅም።

እሁድ

ጎህ ሲቀድ ቄሱ መጡ። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ በዕድሜ የገፉ የቤተ እስራኤል ቄስ ናቸው። ሁለት የሰፈሩ ሽማግሌዎችና ሁለት ሴቶች አብረዋቸው ነበሩ። ያልጋነሽ ሰንበት እንደወጣ ራሷ ሄዳ ነው የጠራቻቸው። እማማ ዘነቡ በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው በራቸው ላይ ሲያዩ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ሳይነገራቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ቄሱ በአጭሩ ተናገሩ። ሴቶቹ አለቀሱ። ያልጋነሽ ወለሉ ላይ ወድቃ ተንሰቀሰቀች። እማማ ዘነቡ ግን ዓይናቸውን እኔ ላይ አድርገው ቀሩ።

«ያየሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።
«እኔ ነኝ፣ እማማ።»
«ተናግሯል?»
ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እንዳትነግሪያቸው ማለቱንም፣ አገራቸው ሲገቡ ንገሪያቸው ማለቱንም፣ እኔ አለመናገሬንም።
«ውኃስ ጠጥቷል?»
«ሐኪሙ ከልክሎ ነበር። በጥጥ ከንፈሩን አርስለት ነበር፤ የመጨረሻው ቀን ግን አጠጣሁት።»
«ማን ገነዘው?»
«እኔ። አንሶላው ንጹሕ ነበር።»
«ብቻውን ነው የተቀበረ?»
«አይደለም፣ ከጓደኞቹ ጋር ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በአዘዞ መንገድ። ሁሉም እዚያው ናቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም።»

ቁጣ ነበር የጠበቅኩት፤ ቢመቱኝም ደስ ባለኝ። እጃቸውን ዘረጉ። ወደ እሳቸው በጉልበቴ ሄድኩ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት፤ በሳሙና የተላጠውን፣ የተጨማደደውን እጅ። ከዚያ ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመሩት፤ እኔም።

ስንረጋጋ ቄሱ ለሐዘን ስለ መቀመጥ ተናገሩ። በጥንቱ ሥርዓታችን ሰባት ቀን ነው አሉ፤ የዚህ አገር ረቢዎች ግን እንዲህ ለዘገየ መርዶ አንድ ሰዓት ይበቃል ይላሉ። ምርጫው የእናት ነው።
«እኔ ሃያ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ» አሉ እማማ ዘነቡ። «አንድ ሰዓት ይበቃኛል።»

ያን አንድ ሰዓት የቤቱ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተቀመጠ። ኦሪት ለአለቃዋ ደውላ መቅረቷን ነግራ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ጎረቤት እየሰማ መጣ፤ ደረጃው በጫማ ሞላ። ከሻዓራይም የመጡ የማላውቃቸው የየመን ሰዎች ሳይቀሩ እንቁላልና ዳቦ ይዘው ገቡ። የዚያን ቀን ያየሁትን መንፈስ ጎልጎታም ብሄድ አላገኘውም ብዬ አምናለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሰዓቱ ሲያልቅ እማማ ዘነቡ ተነስተው ሰማያዊውን ማኅደር አመጡ። ኦሪትን «ማሩ ሞቷል ብለሽ ጻፊ፤ አሟሟቱንም ጻፊ» አሏት። ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ዞር አደረጉት። መነጽሬን አደረግኩና ፈረምኩ።

ሰኞ

ጠዋት እማማ ዘነቡ ደረጃው ድረስ ሸኙኝ። ጎንደር ስትገቢ እሱ ዘንድ ሂጂና ደርሰናል በይው አሉኝ። ሌላ መልእክት አልሰጡኝም።

ያልጋነሽ ሻንጣዬን ይዛ እስከ ባቡር ጣቢያው አብራኝ መጣች። በመንገዱ ላይ ብርቱካኑ ማበብ ጀምሯል፤ ሽታው ከአየሩ ጋር ይነፍሳል። ከመጣሁ ወዲህ ገና ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። መድረኩ ላይ ቆመን ባቡሩን ስንጠብቅ፣
«ገና አልተውኩልሽም» አለችኝ።
«አውቃለሁ።»
«ምናልባት ብዙ ይቆያል።»
«ይሁን።»
ባቡሩ ሲመጣ ትመለሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሻንጣዬን ይዛ ገባች። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ብዙም አልተነጋገርንም። መግቢያው በር ላይ ስታቅፈኝ «ስትደርሺ ደውይልኝ። አሁን እውነቱን ብቻ ነው የምጠይቅሽ» አለችኝ።

ጎንደር በገባሁ በሦስተኛው ቀን በአዘዞ መንገድ ሄድኩ። ቦታው አጥር የለውም፤ ስም የተጻፈበት ድንጋይ የለውም። ሳር በቅሎበታል፤ ከዳር አንድ ገበሬ ላሞቹን አስሮ ያጋጣል። ከማሩ በኋላ ብዙ ወታደር ስለተቀበረ የእሱ የትኛው እንደሆነ ለይቼ አላውቅም። ነጠላዬን አጣፋሁና ቆምኩ። እናቱ ደህና እንደሆኑ፣ ሁሉም አገራቸው እንደገቡ፣ ያልጋነሽ ወታደር ልጅ እንዳላት፣ ንገሪያቸው ያለኝን እንደነገርኩ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የትኛው እሱ እንደሆነ ስለማላውቅ፣ ለሁሉም ነገርኳቸው።